እትዬ የዝናና የሚሄደው ቤት

እትዬ የዝና ማረፋቸውን በስልክ የነገሩኝ ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ታረቀኝ ናቸው። አዴት፣ አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። «መምህር» አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይተው «የዝና...» አሉ። ደግሞ ቆዩ። «ትናንት... ጧት... አረፈች።» ሌላ ሰው ቢሆን በመሀል መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን ይዘጋው ነበር። እኔ ጋሽ ታረቀኝን መጠበቅ የተማርኩት ከሟቿ ነው። እሳቸው ደግሞ የተማሩት ፈረንጅ አገር በመኪና ሲዞሩ፣ ኢንተርኔት አጥተው በተቸገሩበት ክረምት ነው። ለለቅሶው ወደ ፍኖተ ሰላም ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሳስብ የሄድኩት ያንን ክረምት ነበር።

በመምህርነት ተመድቤ ፍኖተ ሰላም የሄድኩ ጊዜ ቤት የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንዲት ልጃቸው ሰብለ ሆላንድ አግብታ ትኖራለች። እሳቸው በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ በገበያ ቀን ማልደው ቡሬ ይሄዳሉ፣ ከገበሬው በርበሬ ገዝተው በአይሱዙ ያስጭናሉ፣ ሲመሻሽ ልብሳቸው ሁሉ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ይመለሳሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ቀስ ብለው ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ሰው አንድ ነገር ሊነግራቸው ሲጀምር ጣታቸውን ያንቀጫቅጫሉ፤ «አጭሩን ንገረኝ» ይላሉ፤ አጭሩም ከረዘመባቸው ራሳቸው ይጨርሱታል። ቤቱን ለማየት የሄድኩ ቀን «እትዬ፣ ቤቱ...» ከማለቴ፣ «ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ሰካራም ከሆንክ ግን አላከራይህም» ብለው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ቡሬ ገበያ ላይ ደግሞ ገበሬው ዋጋ ሳይጠራ እሳቸው ጠርተውለት፣ በእሱም ቦታ ሆነው ተከራክረውለት፣ ተስማምተውለት ይጨርሱ ነበር ይባላል። ደግነቱ አይጎዱትም፤ ለዚህ ነው ገበሬው በርበሬውን ይዞ እሳቸውን ሲፈልግ የሚውለው።

ወንድማቸው ጋሽ ታረቀኝ የእሳቸው ተቃራኒ ናቸው። ቡሬ ገጠር የሚኖሩ፣ በዚያ አገር የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። የድንበር ጠብ ቢሆን፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ ቢሆን፣ እሳቸው ካልተቀመጡበት እርቁ እርቅ አይመስልም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ስለነበሩ ነገራቸው ሰምና ወርቅ ነው። አንድ ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ ባለጉዳዩ በዚያን ሰዓት ይስቅና ወርቁ የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው ይሏቸዋል። እኒህ ሰው አንድ ቀን ማሳቸው ላይ እንደቆሙ ወደቁ። ባሕር ዳር ወስደው አሳከሟቸው፤ እግራቸው ተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸውም በከፊል ተመለሰ፣ ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ እትዬ የዝናን «ሁሉንም ይሰማሉ፣ ሁሉም ይገባቸዋል። ቃሉ ነው መውጫ ያጣባቸው። በየቀኑ ያለማምዷቸው፤ ቀን እንዳያልፍ» አላቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደዋል። እትዬ የዝና ፍኖተ ሰላም አምጥተው ከእኔ ክፍል ጎን ያለውን ክፍል ሰጧቸው።

ልምምዱ ሁልጊዜ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ክፍሌ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድምዓለም?» ይላሉ እትዬ የዝና ብርጭቆ አንስተው።

«ው... ው...»

«ውሃ። ይበሉ፣ ውሃ።»

«ው...»

«ሃ። ውሃ። እሺ፣ ይሄስ?»

እንዲህ ሲባል ይቆይና ጋሽ ታረቀኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ያን ጊዜ እትዬ የዝና ወደ ክፍሌ በር ብቅ ብለው፣ «ዛሬም አልሆነም። ሰነፉብኝ» ይሉኛል። ዓይናቸው ግን ቀልቶ ነው የማየው። እንዲህ እየሆነ ዓመት አለፈ።

በዚህ መሀል ሰብለ እሷ ዘንድ እንዲሄዱ የጠየቀችላቸው የእትዬ የዝና ቪዛ መጣ። ሰብለ ደወለችና፣ «እማዬ፣ ክረምቱን በመኪና እየዞርን ብዙ አገር እናሳይሻለን። የምናድረውም እዚያው መኪናው ውስጥ ነው» አለቻቸው። እትዬ የዝና ስልኩን በእጃቸው ከድነው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ልጄ ቤት የላትም ማለት ነው?»

ሰብለ የመኪናውን ፎቶ ላከችልን። ከሚኒባስ የሚበልጥ ነጭ መኪና ነው፤ ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃ ሳይቀር አለው። ፈረንጆች ለዕረፍት እንዲህ ባለ መኪና እንደሚዞሩ፣ ማታ ማታ ለዚሁ በተዘጋጀ ሰፈር እያቆሙ እንደሚያድሩ አስረዳኋቸው። ፎቶውን ትክ ብለው አዩትና «የሚሄድ ቤት ነዋ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ይኸው ሆነ።

ቢሆንም አልሄድም አሉ። «እሳቸውን ለማን ጥዬ? ሐኪሙ ቀን እንዳያልፍ ብሏል።» ሰብለ በስልክ አለቀሰች፤ እሳቸው ግን ነገሩን የዘጉት መሰለኝ። በማግስቱ ጧት በር ስከፍት ጋሽ ታረቀኝ በግራ እጃቸው የእትዬ የዝናን ሻንጣ እየጎተቱ ግቢው መሀል ደርሰዋል። ሻንጣውን አቁመው፣ እሳቸውም አጠገቡ ቆመው፣ በዱላቸው ወደ ውጭ በሩ አመለከቱ። እትዬ የዝና ከማጀት ወጥተው አዩዋቸው። 

እኔም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር፣ «እትዬ፣ ክረምቱን እዚሁ ነኝ። በስልኬ በቪዲዮ ያናግሯቸዋል፤ ስልኩን እኔ እይዝላቸዋለሁ» አልኳቸው። እሺ ያሉት በአንድ ውል ነው። ሰብለን አስደውለው፣ «በየቀኑ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ወንድሜን አናግራለሁ። የሚሄደው ቤት ኔትወርቅ የሌለበት ቦታ አይሄድም» አሏት። ኔትወርክን እንደ ብዙው ሰው «ኔትወርቅ» ነበር የሚሉት። ሰብለ ቃል ገባች። ምን እንደተሸከመች በኋላ ነው የገባት።

ሆላንድ ልጃቸው ቤት እስካሉ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ ምስላቸው ጥርት ብሎ ይመጣል፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ፣ እንደ ቤታቸው ራሳቸው ይመልሱታል። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲጥል መብራት ስለሚጠፋ ስልኬን ጎረቤት ካለው የባጃጅ ባለቤት ባትሪ ላይ እየሰካሁ ነበር የምደርሰው። ችግሩ የመጣው ጉዞ ሲጀምሩ ነው። መኪኖቹ የሚያድሩበት ሰፈር ኢንተርኔት አለው ይባላል፤ አለውም። የሚሠራው ግን ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ከየመኪናው ፊልም ሊያይ ይከፍትና መስመሩ ይጨናነቃል። ፈረንጁ አማቻቸው ይህን በሰብለ አስተርጓሚነት ሊያስረዳቸው የቧንቧ ምሳሌ ሲጀምር፣ «ገባኝ፣ ላይኛው ሰፈር ሲቀዳ ታችኛው ይደርቃል» ብለው ጨረሱለት። የአማቻቸው ትክክለኛ ስም ሌላ ነው፤ እሳቸው ጴጥሮስ ይሉታል፣ እሱም ይመልሳል።

ከዚያ በኋላ ሰብለ እንደነገረችኝ፣ እትዬ የዝና የሚሄደው ቤት በቆመ ቁጥር ቀድመው ይወርዳሉ። ሌላው ሰው ጥላ የሚሆን ዛፍ ሲመርጥ እሳቸው ስልኩን ከፍ አድርገው ይዞራሉ። ከፈረንጅ ቋንቋ የያዙት አንድ ቃል ነው፣ ዋይፋይ። በዚህች ቃል ጽሕፈት ቤት ይገባሉ፣ የይለፍ ቁጥሩን አስጽፈው ይወጣሉ፣ ለጻፈችላቸው ልጅ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ ዘግነው ይሰጣሉ። አንዳንድ ቀን ምልክቱ የሚገኘው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ይሆናል፤ እዚያው ቆመው ያወራሉ። አንድ ቀን ከኋላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ በዋና ልብስ ብቻ ፎጣ ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ጋሽ ታረቀኝ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው አልመልስ አሉ። እትዬ የዝና ዞረው አዩና፣ «ይለብሳል፣ ይለብሳል፣ ገና ከውሃ መውጣቱ ነው» አሏቸው። ጋሽ ታረቀኝ ከታመሙ ወዲህ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቃል ግን አልወጣም።

ከዚያ ጠፉ።

አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ጋሽ ታረቀኝ ተላጭተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ስልኩ አልጠራም። ብደውል አይገባም። «መንገድ ላይ ይሆናሉ» አልኳቸው። በማግስቱም እንዲሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሳቸው ስልኩን ያያሉ። እራት ሳቀርብላቸው ሳህኑን በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ገፉት። በሦስተኛው ቀን ጋቢያቸውንም አልደረቡም፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሰው ካልሞከረ የቀረችውም ቃል እንደምትጠፋ ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኝ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። የሰብለና የባሏ ሲም ካርድ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ እንደ አገሩ ይሠራል። ስዊዘርላንድ ግን የኅብረቱ አባል አይደለችም። ድንበሩን እንደተሻገሩ በዚያ ሲም ኢንተርኔት መጠቀም የማይቀመስ ዋጋ እንዳለው መልእክት መጣና ጴጥሮስ ዘጋው። ያደሩበት ሰፈር ደግሞ በሁለት ተራራ መሀል ያለ ሸለቆ ነው፤ የሰፈሩም መስመር ተበላሽቷል። ጴጥሮስ «ጥቂት ቀን ነው፤ ጣሊያን ስንገባ ይሠራል» አለ። እትዬ የዝና ሁለት ቀን ታገሡ። ለእሳቸው ይህ ብዙ ነው። በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ስልኩን ይዘው ወረዱ። «እማዬ፣ ወዴት ነው?» ብትል ሰብለ፣ «ጎረቤት» አሏት።

ከመኪና መኪና እየሄዱ አንኳኩ። በሩ ሲከፈት «ዋይፋይ» ይላሉ፤ የጋሽ ታረቀኝን ፎቶ ያሳያሉ፤ የራሳቸውን አፍ በእጃቸው ይይዙና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰብለ አፍራ ከኋላቸው ትከተላለች፣ ልታስተረጉም ስትል ግን እሳቸው ቀጣዩ በር ላይ ደርሰዋል። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ምንም የለኝም አለ። በመጨረሻ መኪናው ጣሪያ ላይ የራሱን የኢንተርኔት አንቴና የተከለ አንድ ሽማግሌ ከነሚስቱ አገኙ። ሽማግሌው ፎቶውን አየ፣ የእትዬ የዝናን እጅና አፍ አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ ወንበር አውጥቶ ከድንኳኑ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። ሚስቱ ሻይ አመጣች። እትዬ የዝና በምላሹ ከቡሬ ይዘውት የሄዱትን በርበሬ ሰጧት፤ ሴትዮዋ አሸተተችውና እስኪበቃት አነጠሰች።

እኔ ዘንድ ስልኩ ሲጠራ ጋሽ ታረቀኝ አልዞሩም ነበር። «እትዬ ናቸው» አልኩ። ዞሩ፤ ደግፌ አስቀመጥኳቸው።

መስመሩ መጥፎ ነበር። ምስሉ ይመጣል፣ ይቆማል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ከእትዬ የዝና ጀርባ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ አንገቷ ላይ ትልቅ ቃጭል የታሰረላት ላም ትግጣለች። ስልኩን ወደ ላሟ አዙረው «ወንድምዓለም፣ ይቺ ምንድን ናት?» አሉና መልሰው ወደ ራሳቸው ሲያዞሩት ምስሉ ደረቀ። አፋቸው ክፍት እንደሆነ፣ ዓይናቸው ስልኩ ላይ እንደተተከለ ቀሩ።

ጋሽ ታረቀኝ «ላ...» አሉ። ዝም። «ላ...»

እህታቸው አጠገባቸው ቢሆኑ እስካሁን ላሟም ጥጃዋም ተነግረው ባለቁ ነበር። ምስሉ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከእትዬ የዝና በኩል ምንም ድምፅ አልመጣም። ጋሽ ታረቀኝ ያንን የቆመ ፊት እያዩ፣ ግንባራቸው ላብ እያወጣ፣ ከንፈራቸውን እየገጠሙ እየከፈቱ ቆዩ። የቧንቧ ውሃ ከመምጣቱ በፊት እንደሚያጓራው ጉሮሯቸው አጓራ።

«ላም» አሉ።

 ጥቂት ቆይቶ ምስሉ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ደረሳቸው መሰለኝ እትዬ የዝና ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ማን ነው ያለው? መምህር፣ አንተ ነህ?»

«እሳቸው ናቸው እትዬ።»

«ማን ጀመረላቸው?»

«ማንም። ራሳቸው ናቸው። ምስልዎ ደርቆ ነበር፤ እስኪመለስ ጊዜ አገኙ።»

እትዬ የዝና ተመልሰው ተቀመጡ። በዚያ በተቆራረጠ መስመር ውስጥም ነገሩ እንዴት እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ከአፋቸው ስነጥቃቸው ነው የከረምኩት ማለት ነው?» አሉ። ጋሽ ታረቀኝ በግራ እጃቸው አየሩን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉ፤ ተይው፣ እንደማለት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው እንደገና «ላም» አሉ። እትዬ የዝና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ጣሊያን ሲገቡ ሲሙ ሠራ። ጴጥሮስም ነገሩን ሰብለ ስትነግረው በማግስቱ ለመኪናው ጣሪያ አንቴና ገዝቶ ገጠመበት። መስመሩ ጥርት አለ። የሚገርመው ግን እትዬ የዝና «ይሄ ምንድን ነው?» ባሉ ቁጥር ምስላቸው እንደ ስዊዘርላንዱ ይደርቅ ነበር። እኔም «ዛሬም መስመሩ አስቸገረ» እል ነበር። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳይ፣ እሳቸው እንደ ሐውልት ደርቀው ሳለ ከበስተኋላቸው ያለው የወይን ቅጠል በነፋስ ይወዛወዛል። ከጎናቸው የተሰጣ ፎጣም ይውለበለባል። መስመሩ ምንም አልሆነም። እኒያ ጣታቸውን የሚያንቀጫቅጩ፣ የሰው አፍ የሚነጥቁ ሴት ወንድማቸው ቃሉን እስኪያወጡ ድረስ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ፣ ኔትወርክ የጠፋ መስለው ይቀመጡ ነበር። ዝም ብለው ቢጠብቋቸው ጋሽ ታረቀኝ እንደሚጨነቁ ገብቷቸዋል፤ የሚጠብቅ ሰው ፊት ላይ ደግሞ ምንም ቢደብቁት ችኮላ ይታያል። የደረቀ ምስል አይቸኩልም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ቃላቱ መጡ። ወይን፣ ባሕር፣ ድልድይ፣ ጫማ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ። የእኛም ዝናብ እየቀነሰ፣ ቀኑ እየጠራ ሄደ። በክረምቱ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እትዬ የዝና እንደ ልማዳቸው ከሚሄደው ቤት ደጃፍ ተቀምጠው አንድ ነገር ጠየቁና ደረቁ። ጋሽ ታረቀኝ አልመለሱም። ስልኩን ትክ ብለው ያያሉ።  በመጨረሻ እትዬ የዝና አላስችል ብሏቸው ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ።

«ወንድምዓለም፣ ሰሙ?»

ጋሽ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እያንዳንዱን ቃል እንደ ከባድ ድንጋይ እያነሱ አስቀመጡት።

«ሰሙስ... አለ። ወርቁን ነው... የደበቅሽው።»

እትዬ የዝና ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ከዚያ «ወርቁን» አሉ ለራሳቸው፤ «ኔትወርቁን» አሉ፤ ከዚያ ምስላቸው ከስልኩ ውስጥ ጠፋ፤ ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተጋድመው ሲስቁ የሚሰማው ድምፃቸው ብቻ ነው። ሰብለ ምን ሆና ነው ብላ ሮጣ መጣች። ጋሽ ታረቀኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ቅኔ የተቀበሉለት ሰው ሆነው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። በኋላ እንደነገሩኝ የእህታቸውን ማስመሰል ካወቁ ሰንብተዋል። ያቺን ዐረፍተ ነገር ለብዙ ቀን አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያውጠነጥኗት፣ ምላሳቸው የሚችላትን ቃል ሲመርጡላት ነው የቆዩት።

ይህን ስል እትዬ የዝና ተለወጡ ማለቴ አይደለም። እስከ መጨረሻው የእኔን ወሬ ሳልጨርሰው ይጨርሱልኝ ነበር፤ ቡሬ ገበያም እንደ ድሮው ነበሩ። ታጋሽ የሆኑት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ አንድ ሰው ግን ከዓመት በኋላ ቡሬ ገጠር ተመልሶ ለሽምግልና ተቀመጠ። የተጣሉት ሰዎች የእሳቸውን ቃል ሲጠብቁ ቁጣቸው ይበርዳል አሉ፤ አሁን ከድሮውም ይበልጥ እየተፈለጉ ነው።

እትዬ የዝና ከፈረንጅ አገር የተመለሱበት ቀን አይረሳኝም። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ነበር የመጡት፤ ቡሬ ላይ ነጋዴዎቹ አላሳልፍ ብለዋቸው አርፍደዋል። ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። ጋሽ ታረቀኝ ነጭ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ የዝና ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ገብተው ከወንድማቸው ፊት ቆሙ።

«እን...» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

ከጎረቤቶቹ አንዷ በደግነት «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሊሉሽ ነው» ስትል እትዬ የዝና ዞር ሳይሉ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ግቢው ጸጥ አለ። በመንገዱ ባጃጅ አለፈ። አንድ ሕፃን አለቀሰና እናቱ ይዛው ወጣች። እትዬ የዝና ከወንድማቸው ፊት ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ አሁን የደረቀ ምስል የለም፣ መደበቂያም የለም፤ እጃቸው የቦርሳውን ማንገቻ ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

«እንኳን... በደህና... ለቤትሽ... አበቃሽ» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

እትዬ የዝና ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሟቸው። ቀና ሲሉ ሰዉ ወደ ቤት ሊያስገባቸው ከበባቸው፤ ምግቡ ቀርቧል፣ ዘመድ ሊጠይቃቸው ይጋፋል። እሳቸው ግን አጠገቡ የነበረውን በርጩማ ስበው እዚያው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ለወንድማቸውም ወንበር አስመጡ።

«እሺ ወንድምዓለም» አሉ፤ «ሌላስ?»

ጋሽ ታረቀኝ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ክረምቱ እንዴት እንዳለፈ መንገር ጀመሩ።